አይሱዙው ከመምጣቱ በፊት

ጮሌ እንደምታውቋት ናት፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ካፊያ፣ ማታ ደግሞ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ጡረታ ወጥቼ ወደዚህች ከተማ ከተመለስኩ ዓመታት ቢቆጠሩም ጀበናዬና የደም ግፊት መለኪያዬ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጡም። ጎረቤት ሲመጣ አንዱ ካልተፈለገ ሌላው ይፈለጋል፤ አንዳንዴም ሁለቱም።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ እሑድ ሁለቱንም የፈለገ እንግዳ መጣ። የሰፈራችን መምህር ነው። ሂሳብ ማስተማር ከጀመረ 11 ዓመቱ ነው። «ሲስተር፣ እስቲ ግፊቴን ይለኩልኝ፤ ሰሞኑን ራሴን ያዞረኛል» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። መጀመሪያ ስለካው 150 በ95 ሆነ። ዳገቱን ወጥቶ ስለመጣ ይሆናል ብዬ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አደረግኩና ደገምኩት፤ 146 በ94። ገና 36 ዓመቱ ነው። በአንድ ቀን ልኬት ማንንም የግፊት በሽተኛ አንለውም፤ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ሲደጋገም ነው በሽታ የሚባለው። ቢሆንም ቁጥሩን አልወደድኩትም።

«እንቅልፍህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«እንቅልፍማ ጠፋ፣ ሲስተር። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«ምን አሳሰበህ?»

ሲኒውን አስቀመጠና ነገሩን ዘረገፈው። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የንብረትና የሂሳብ ክፍል ሥራ አግኝቷል። ደመወዙ አሁን ከሚያገኘው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ግንቦት 1 ጀምር ብለውታል። ቤት በደላላ በኩል በስልክ ተነጋግሮ ቀብድ ልኳል። ዕቃ የሚጭን አይሱዙም ለሚያዝያ 28 ቀጥሯል። እኔም ደስ አለኝ። የመምህርን ደመወዝ አውቀዋለሁ፤ በመምህር ደመወዝ ቤት አስተዳድሬያለሁና ወሩ ሃያኛው ቀን ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረኝም።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለህ። ባለቤትህስ ምን አለች?» አልኩት።

መልስ የለም። ባዶውን ሲኒ አንስቶ ወደ አፉ አስጠጋ።

«አልነገርኳትም። ሁሉን ነገር ጨርሼ፣ ቁልፉን ይዤ ላስደስታት ብዬ ነው።»

የግፊቱ ምክንያት የት እንዳለ ያኔ ጠረጠርኩ።

ይህን የምጽፈው ባልና ሚስቱ ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ልጽፈው የቸኮልኩትም ይህ መንገድ በራሴ ቤት ስላለፈ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ጮሌ 14 ዓመት አስተምሯል። በ1986 ዓ.ም. ጥር ወር አሰላ ከተማ አንድ ፕሮጀክት የሥልጠና ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረው። ደብዳቤው ሰኞ ደረሰ፤ ዓርብ ዕቃችን መኪና ላይ ነበር። አቻኮሉን፣ እኛም ቸኮልን። የሸክላ ምጣዴ መንገድ ላይ ተሰነጠቀ፤ እሱ ቀላሉ ነው። እኔ እዚህ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። «ዝውውርሽ በአንድ ወር ያልቃል» ተብዬ ስምንት ወር ያለ ደመወዝ ቤት ተቀመጥኩ። እሱ ጠዋት ሲወጣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና አብረውት ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ይጠብቁታል። እኔን የሚጠብቀኝ ያልተፈታ ካርቶን ነው። ጎረቤት አላውቅ፣ ወፍጮ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅ፣ ልጅ በሌሊት ቢታመምብኝ የማንን በር እንደማንኳኳ አላውቅ።

እሱም ቢሆን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ጮሌ ላይ ከቤታችን እስከ ገበያ ያለው የሩብ ሰዓት መንገድ ለእሱ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ያስተማረው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይለዋል፤ የተማሪ ወላጅ ሁሉ ስለ ልጁ ይጠይቀዋል። አሰላ ላይ የሩብ ሰዓት መንገድ በሩብ ሰዓት ያልቃል። «መምህር» ብሎ የሚጠራው የለም። አንድ ማታ የልጆቻችንን ደብተር ሰብስቦ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም አገኘሁት። አስተማሪዎቻቸው ያረሙትን ነበር እንደገና የሚያርመው። ምንም አላልኩትም። ዛሬ ቢሆን አጠገቡ ቁጭ እል ነበር።

ከሁላችንም የከፋው ሁለተኛ ክፍል በነበረችው ልጃችን ላይ ደረሰ። ስምንት ዓመቷ ነው። ድሮ ያቆመችውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ጀመረች። እኔ ነርሷ ሽንቷን አስመረመርኩ፤ ንጹሕ ነው። ማታ ውኃ እንዳትጠጣ ከለከልኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ መቆጣት ጀመርኩ፤ ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን ደገመች። እናቶች ሆይ፣ ደርቆ ያደር የነበረ ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ሽንቱንና ስኳሩን አስመርምሩ፤ ተገቢ ነው። ምርመራው ደህና ከሆነ ግን ልጁን አትቆጡት፤ «በቤታችን ውስጥ ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለመምህሩ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ የሚገባው በቁጥር ነው ብዬ አንድ ወረቀት አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሆልምስ እና ራሄ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በሰው ሕይወት ላይ የሚደርሱ 43 ለውጦችን ዘርዝረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥተዋል። ትልቁ የትዳር ጓደኛ ሞት ነው፤ 100 ነጥብ። የሚያስገርመው መልካም ነገሮችም ነጥብ አላቸው፤ ጋብቻ 50 ነው። ሰውነታችን ለደስታውም ለሐዘኑም መልመጃ ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው።

«በል ደምር» አልኩት። ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ መግባት 36። የገቢ መለወጥ፣ ቢጨምርም እንኳ፣ 38። የሥራ ሰዓትና ሁኔታ መለወጥ 20። ቤት መቀየር 20። የአኗኗር ሁኔታ መለወጥ 25። ትምህርት ቤት መቀየር 20። ከሰው ጋር የመገናኘት ልማድ መለወጥ 18። እዚህ ላይ ቆም አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ እርጉዝም ናት፤ ሦስት ወሯ ነው» አለኝ። እርግዝና 40። ድምሩ 217 መጣ። በእነዚያ ሐኪሞች አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150 በላይ የደረሰበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከ300 በላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ይህ እንደ ቴርሞሜትር ቁርጥ ያለ መለኪያ አይደለም፤ ሰው ከሰው ይለያል። ደግሞም የተሠራው ለአሜሪካውያን ነውና እድር የሚል መስመር የለበትም። እናትን በአውቶቡስ መንገድ ርቀት ትቶ ስለመሄድም አያወራም። እነሱን ብንጨምር ስንት ይሆን ነበር? ነገር ግን አንድ ነገር በደንብ ያሳያል፦ እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ይቻላል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲመጣ ነው የሚከብደው።

ስለዚህ ሁለት ነገር መከርኩት። አንደኛው፣ ዛሬውኑ ማታ ለባለቤትህ ንገራት። ሁለተኛው፣ ሥራ መቀየሩንና ቤት መቀየሩን አንድ ቀን ላይ አታውላቸው። አንተ ቀድመህ ሂድ፤ አይሱዙው ይቆይ።

ይህ ሁለተኛው የእኔ የፍርሃት ምክር ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ አሠሪው «አልሆንክልኝም» ብሎ ያለ ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ ሠራተኛውም «አልተስማማኝም» ብሎ መሄድ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው። ግንቦት 1 የጀመረ ሰው ሐምሌ አሥርን አለፍ ሲል ይጨርሳል ማለት ነው። ቤተሰቡን አፍልሶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ በሰባተኛው ሳምንት «አልሆንክልኝም» የተባለ ሰው ወዴት ይመለሳል?

መምህሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ መጣች። ነግሯታል። ሰላምታዋ ዘንድሮ እንደለመድኩት አልነበረም። «ሲስተር፣ እርስዎ ቀድመው ሰሙ አሉ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ምን እመልሳለሁ? ወንበር ሳብኩላት፤ ተቀመጠችና ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች።

«እሱ የሚቀይረው አንድ ሥራ ነው። እኔስ ስንት ነው የምቀይረው? የስፌት መኪናዬን ይዤ ልሂድ፤ ደንበኞቼን ግን አልጭናቸውም። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው የነሐሴን የደንብ ልብስ ነው፤ እሱ የሚያስበው ግን ስለ ግንቦት ነው። ትልቁ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና አለበት። ትንሿ ሦስተኛ ክፍል ናት። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ እዚህ ናት። ጤና ጣቢያው ካርዴ እዚህ ነው። ሥራው ይቅርብን አላልኩም፤ እኔም ደመወዙ ሲያልቅ አያለሁ። የተናደድኩት ሲያስብ ሳይጠራኝ ነው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕቅዱን የሠራችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ሦስታችን በቀጣዩ እሑድ ቡና ላይ ተቀመጥን። ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ ማንም ከጮሌ እንደማይንቀሳቀስ በአቦሉ ተስማማን። የሙከራው ጊዜ እስኪያልፍ አይሱዙ እንደማይጠራ በቶናው ተስማማን። በበረካው ግን ከእኔ ጋር አልተስማማችም።

እኔ ያልኩት እስክትወልድ እዚሁ ትቆይ ነው። የምትወልደው ጥቅምት ላይ ነው። አዳማ ከጮሌ የሚሞቅ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደግሞ የወባ ዋና ወቅት ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ወባን ሰውነታችን አያውቃትም። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ወባ ትበረታባታለች፤ የደም ማነስ ታመጣለች፤ ፅንሱንም ታስወርዳለች ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ ታስወልዳለች። እሷ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «ልጆቹስ? ጥር ላይ ከክፍል ላውጣቸው? የእርስዎን ልጅ ታሪክ እሱ ነግሮኛል። መስከረም ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር እኩል ይጀምሩ። እኔም አራስ ልጅ ታቅፌ ከመኪና ከምወርድ ሆዴን ይዤ ብወርድ ይሻለኛል። እናቴ ጥቅምት ላይ ትመጣልኛለች። የደንብ ልብሱን ደግሞ በሐምሌ ማስፋት ለሚፈልግ ዋጋ ቀንሼ ቀድሜ እጨርሳለሁ። እርስዎ ስለ ወባው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይንገሩኝ።»

ረታችኝ። ለ30 ዓመታት እናቶችን ሳስተምር ኖሬ፣ እናቶች ያስተማሩኝ ይበልጣል። እንግዲህ ለእሷ የነገርኳትን ከደጋ ወደ ቆላ ለምትፈልሱ ሁሉ እዚህ ላይ ላስፍረው።

በመጀመሪያ አጎበር። በፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ከአልጋው ጋር አብሮ ይዘረጋ፤ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ። «ዕቃው እስኪፈታ» አይባልም፤ ትንኟ ዕቃው እስኪፈታ አትጠብቅም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ደም መመርመር ነው። ጎረቤት ያስቀረውን ክኒን መዋጥ አይገባም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ሁሉም መድኃኒት አይስማማትምና።

ቀጥሎ ውኃ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኝ የጉድጓድ ውኃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ስለሆነ ይህን ውኃ ለዓመታት ከጠጡ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ «ውኃ አለው?» ብቻ ሳይሆን «ውኃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ካርዶች። የነፍሰ ጡር ክትትል ካርድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስንተኛው እንደተሰጠ የሚያሳየው ካርድ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ክትትል ያለበት ሰው የሕክምና ማጠቃለያ፤ እነዚህ ከዕቃው ጋር አይጫኑም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዛሉ። እኔ በ1986 ዓ.ም. የልጆቼን የክትባት ካርድ ከብርድ ልብስ ጋር አስሬ ሳምንት ሙሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ። ነርስ ሆኜ!

ለመምህሩም የቤት ሥራ ሰጠሁት። ብዙ መምህራን ሥራ ሲያገኙ ጥለው ይጠፋሉ። ክሊራንስ ማዞሩ ያሰለቻል፤ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሂሳብ ክፍሉ፣ ወረዳው፤ አንዱ ሲገኝ ሌላው ስብሰባ ነው። ቢሆንም እንዳትጠፋ አልኩት። የመልቀቂያ ማመልከቻህን አንድ ወር ቀደም ብለህ አስገባ። መልቀቂያህን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን፣ ከጀማሪ መምህርነት ጀምሮ የተሰጠህን የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ሁሉ ይዘህ ውጣ። የጀመርከውን ምዕራፍ ለሚተካህ መምህር አስረክብ፤ የተማሪዎቹን ውጤት ሞልተህ ስጥ። ነገ አዳማው ባይሆን የምትመለስበት በር ክፍት ይሁን።

የጡረታው ነገር ደግሞ ትልቅ ነው። ባለቤቴ ከመንግሥት ሥራ ሲወጣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የተሰጠው ገንዘብ በሁለት ክረምት አለቀ። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በመንግሥት የሠራበት ዘመንም ይታሰብለታል። ግን የሚታሰበው በማስረጃ ነው። 11 ዓመት ያስተማረ ሰው ማስረጃውን ጥሎ ሲጠፋ 11 ዓመቱን ጥሎ መጥፋቱ ነው። አዲሱ ድርጅት በጡረታ መመዝገቡን ከመጀመሪያው ወር ደመወዝ ወረቀት ላይ አይተህ አረጋግጥ አልኩት።

ስለ እድሩም ተነጋገርን። አዲስ አገር ገብቶ እድር እስኪገኝ፣ የመግቢያው ክፍያ እስኪሞላ፣ ሰው እስኪያውቅህ ጊዜ አለ። በዚያ መሀል ሐዘን ቢመጣስ? የጮሌውን እድር ወርኃዊ መዋጮ ለአንድ ዓመት ወንድሙ እንዲከፍልለት ተስማማ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ «ገና የእኛ ሰው ነው» መባሉ ግን ትልቅ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ስለ «መምህር» የሚለው ስም። መምህሩ ራሱ ነው ያነሳው። «ሲስተር፣ እዚያ ሄጄ ማን ልባል ነው? እዚህ ሕፃናቱ ሁሉ ‹ቲቸር› ይሉኛል» አለኝ። ባለቤቴ በቀይ እስክሪብቶ ያደረገውን ያኔ ትዝ አለኝ። ከእኛው ከአርሲ ሳንወጣ የበቆጂውን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ጠቀስኩለት። በቆጂ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ኋላ ሥራቸው ሯጮችን ማሠልጠን ሆነ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ከመማሪያ ክፍል ቢወጡም ልጅን ማሳደግ አልተዉም። «አንተም አዳማ ስትገባ የሰፈሩን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሂሳብ አስጠናቸው። ሁለት ልጅ ይበቃል። በስድስት ወር ውስጥ ‹ቲቸር› ካላሉህ እኔን ጠይቀኝ» አልኩት። ሳቀ። በዚያ ወር ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሳምንት እኔም ስልክ አነሳሁና ለልጄ ደወልኩ። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት። «ያኔ ወደ አሰላ ስንሄድ በጣም የጎዳሽ ምን ነበር?» አልኳት። ትምህርት ቤቱ፣ አዲሱ መምህር፣ ብርዱ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አልነገራችሁኝም እኮ፣ እማ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዕቃ ሲጫን እንዳትረብሸን ብለን ከሁለት ቀን በፊት ከአክስቷ ጋር ወደ አሰላ ልከናት ነበር። እሷ የሄደች የመሰላት ለጥየቃ ነው። የመዝለያ ገመዷን ለጓደኛዋ አውሳ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብላት ነበር። ሳምንት ጠበቀች፣ ወር ጠበቀች። «እንደማንመለስ ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ነው የደረስኩበት» አለችኝ። እኔ ሽንቷን ሳስመረምር የከረምኩት ይህን ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ።

ይህንንም ለመምህሩና ለባለቤቱ ነገርኳቸው። ባልና ሚስቱ ሁለቱንም ልጆች አስቀምጠው የሚሄዱበትን ወር፣ የሚገቡበትን ቤት፣ የማይመለሱ መሆናቸውን ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ትልቁ ዝም አለ አሉ። ትንሿ አለቀሰች። ማልቀሷ ጥሩ ነው፤ ያለቀሰ ልጅ ገብቶታል።

ሚያዝያ 28 አይሱዙው አልመጣም። መምህሩ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና ባለቤቱ ያዘጋጀችለትን አንድ ዕቃ ጭኮ ይዞ በአውቶቡስ ሄደ። ደላላው ያገኘለትን ቤት ደርሶ ሲያየው ግቢው የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ነው፤ ከቀብዱ ግማሹን አስመልሶ ለጊዜው ለብቻው አንዲት ክፍል ይዟል። ለቤተሰቡ የሚሆነውን ቤት ሐምሌ ላይ ሚስቱ ራሷ ሄዳ አይታ ትመርጣለች። ከመሄዱ በፊት ሦስት ጊዜ ግፊቱን ለክቼዋለሁ፤ የመጨረሻው 132 በ86 ነበር። ምስጢር ማውጣት የግፊት መድኃኒት ነው አልላችሁም፤ ጨውም ቀንሷል፣ እንቅልፍም ተመልሶለታል። አዳማ እንደገባ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትትሉን እንዲቀጥል አስምዬዋለሁ።

መናኸሪያ ስንሸኘው አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ነጋን ገሊ» ብለው መረቁት፤ በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። ትንሿ ልጅ አላለቀሰችም። ስንመለስ እጄን ይዛ እየሄደች፣ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ያዋስኩትን ሁሉ እየሰበሰብኩ ነው» አለችኝ። ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ መቅረጫና አንድ ኳስ ቀርቷታል። እስከ ነሐሴ ጊዜ አላት።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ዘንድሮ ለመፍለስ የምታስቡ ካላችሁ፣ መኪናውን ከመጥራታችሁ በፊት ቤተሰቡን ጥሩ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱልኝ።